ድምፅ ብቻውን ሲመዘን፦ በስልክ የሚካሄድ የአካል ጉዳት ድጋፍ ምዘና ከፎገራ ሜዳ አንጻር

መግቢያ

የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የሚገነጠለውም ከዚህችው ከተማ ነው። በከተማዋ ለሚኖር ሰው ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ በተዘረጋው ሜዳ ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ ይለያል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲወጡ ሜዳው በውኃ ይሸፈናል፤ ውኃው ሲጎድልም ጥቁሩ ዋልካ አፈር እግር ይይዛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ቤተሰቦችን ያፈናቀለ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ እግሩ የማይታዘዝለት ወይም ዓይኑ የማያይለት ሰው የመሥራት አቅሙን ለማስመርመር መጓዝ ሲኖርበት፣ ምዘናው ከመጀመሩ በፊት ጉዞው ራሱ ፈተና ይሆንበታል።

በዚህ ምክንያት ምዘናን በስልክ ማካሄድ መልካም አማራጭ መስሎ ይታያል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ በአካል የሚደረገው ምዘና ሲቋረጥ ስልክ ቦታውን ተክቷል፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ከአሠራሩ አልወጣም። በኢትዮጵያ የድጋፍ ውሳኔ እስካሁን የሚመሠረተው በአካል በሚደረግ ምርመራ ወይም በጎረቤት ምስክርነት ላይ ሲሆን፣ ስልክ ለቤተሰብ ጥናት መረጃ መሰብሰቢያነት መዋል ከጀመረ ግን ዓመታት ተቆጥረዋል።

ይህ ጽሑፍ የስልክ ምዘና እንዴት እንደሚካሄድና አመልካች ከእርሱ ምን ሊጠብቅ እንደሚገባው ያብራራል። መከራከሪያው አንድ ነው። ስልክ መንገድ ያሳጥራል፤ ነገር ግን በዓይን ይታይ የነበረውን ማስረጃ ሁሉ ወደ አመልካቹ ቃል ያዛውራል። ስለሆነም የስልክ ምዘና ፍትሐዊ የሚሆነው ጥያቄው «ይችላሉ ወይስ አይችሉም?» ከማለት አልፎ ሥራው እንዴት፣ በስንት ጊዜ፣ በምን ሕመምና በማን ርዳታ እንደሚከናወን ሲመረምር፣ የተመዘገበውም ቃል ለባለቤቱ ተመልሶ ሲነበብለት ነው።

አካል ጉዳት ዛሬ የሚመዘንባቸው መንገዶች

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይሁን እንጂ ለሁሉም አካል ጉዳተኛ የሚከፈል አንድ ወጥ ድጎማ የለም፤ ያሉት በተለያየ በር የሚገባባቸው የተለያዩ ድጋፎች ናቸው። እዚህ ላይ ሦስቱን ማንሳት ይበቃል።

የመጀመሪያው የደመወዝተኛው በር ነው። በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ከጤና ጉድለት ወይም ከሥራ ላይ ጉዳት የሚመነጭ የጡረታ መብት በሕክምና ማስረጃ ላይ ይቆማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ መሆኑን፣ ቦርዱም በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወራት ውስጥ መጠኑን መወሰን እንዳለበት ያመለክታል። ሁኔታው ሲባባስ ወይም ሲሻሻል ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። በዚህ በር የሚመዘነው አካሉ ነው፤ ሐኪሙ ያያል፣ ይዳስሳል፣ በመቶኛ ይገልጻል።

ሁለተኛው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ከፎገራ በስተሰሜን የሚዋሰነው ሊቦ ከምከም ከፕሮግራሙ ወረዳዎች አንዱ ነው። በፕሮግራሙ የመሥራት አቅም ያላቸው ተጠቃሚዎች በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ተሳትፈው ክፍያ ያገኛሉ፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው፣ በቤታቸውም ሌላ ሠራተኛ የሌላቸው ሰዎች ደግሞ ያለ ሥራ ግዴታ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣቸዋል። በፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ የልማት ሥራ ተሳታፊው ክፍያ ለስድስት ወራት፣ የቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚው ደግሞ ለ12 ወራት እንዲሆን ተደርጓል። «መሥራት ይችላል» የምትለው አጭር ፍርድ ስለዚህ የግማሽ ዓመት ቀለብ ያህል ክብደት አላት። ፍርዱን የሚሰጠው ከመንደሩ ሰዎች የተውጣጣ የማኅበረሰብ ግብረ ኃይል ነው፤ ቅር የተሰኘ ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። በዚህ በር የሚመዘነው ኑሮው ነው፤ ጎረቤት ማን እንደሚያርስ፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ከቤት እንደማይወጣ ያውቃል።

ሦስተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ፎገራ ከደቡብ አቸፈርና ከተሁለደሬ ጋር በአማራ ክልል ለሙከራ የተመረጠ ወረዳ ነበር። መዋጮ መክፈል የማይችሉ ድሆች በቀበሌ ተለይተው መዋጯቸው በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል። መነሻው ድህነት እንጂ አካል ጉዳት ባይሆንም ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ይገናኛሉ። በሩዝ ምርቱ ትርፍ አምራች ተብሎ በሚታወቀው ፎገራ ይህ በር የተለየ ትርጉም አለው፤ ወረዳው ትርፍ አምራች መባሉ በውስጡ የሚኖረው አካል ጉዳተኛ ሁሉ ትርፍ አምራች ነው ማለት አይደለምና።

ሦስቱም በሮች በዓይን ምስክርነት ይመሳሰላሉ። የሕክምና ቦርዱ ሰውየውን ለአንድ ቀን ያያል፤ መንደሩ ዓመቱን ሙሉ ያያል። ሁለቱም ድክመት አላቸው። ቦርዱ ሰውየው በማሳው ላይ ምን እንደሚገጥመው አያይም፤ ጎረቤትም የሚጥል በሽታን፣ የአእምሮ ሕመምን ወይም የማይታይ ሥቃይን እንደ ስንፍና ወይም እንደ እርግማን ሊቆጥር ይችላል። ስልክ ወደዚህ ሥርዓት ቢገባ ዓይንን በጆሮ ይተካል።

የስልክ ምዘና እንዴት ይካሄዳል?

የተሟላ ልምድ ያለው የእንግሊዝ የግል ነጻነት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ሲሆን፣ በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የሚያልፉበት ነው። አመልካቹ በመጀመሪያ ጉዳቱ ኑሮውን እንዴት እንደሚነካው በሰፊ ቅጽ ይሞላል፤ ከሐኪም ያገኘውን ማስረጃም ያያይዛል። ቀጥሎ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ደብዳቤ ይደርሰዋል። በቀጠሮው አንድ የጤና ባለሙያ ደውሎ አንድ ሰዓት ያህል ይጠይቀዋል። አመልካቹ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ አብሮት በመስመሩ እንዲገባ ማድረግ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ፣ ውይይቱ እንዲቀረጽለትም አስቀድሞ ማመልከት ይችላል።

ጥያቄዎቹ የበሽታውን ስም የሚከተሉ አይደሉም። የዕለት ኑሮን የሚመለከቱ 10፣ እንቅስቃሴን የሚመለከቱ 2 ተግባራት አሉ፤ ምግብ ማዘጋጀት፣ መመገብ፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መነጋገር፣ ገንዘብን በሚመለከት መወሰን፣ መራመድ ከእነዚህ ይገኙበታል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። በየዘርፉ 8 ነጥብ ያገኘ መደበኛውን፣ 12 ያገኘ ከፍተኛውን ክፍያ ያገኛል። አንድ ሰው ተግባሩን «ይችላል» የሚባለው ያለ አደጋ፣ ተቀባይነት ባለው ደረጃ፣ በተፈለገው ጊዜ ሁሉ ደጋግሞና ከሚገባው በላይ ሳይዘገይ ሲያከናውነው ብቻ ነው። ይህ አራት ጎን ያለው መለኪያ የሥርዓቱ ጠንካራ ክፍል ነው። አንድ ጊዜ በሥቃይ ከአልጋ መነሣት መቻል መነሣት እንደመቻል አይቆጠርም።

ደውሎ የጠየቀው ባለሙያ ውሳኔ አይሰጥም፤ ሪፖርት ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ያስተላልፋል። በሪፖርቱ መልሶችን ብቻ ሳይሆን በጥሪው ወቅት ያስተዋለውንም ሊያሰፍር ይችላል፦ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ጥያቄ መርሳት፣ መዘግየት፣ ወይም የእነዚህ አለመታየት። ውሳኔው በደብዳቤ ይመጣል። ያልተስማማ ሰው በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይለት ይጠይቃል፤ ከዚያም ገለልተኛ ለሆነ ዳኝነት ሰሚ አካል ይግባኝ ማለት ይችላል።

በኢትዮጵያ የቅርብ አምሳያው የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የጀመረው የቤተሰብ የስልክ ጥናት ነው። ናሙናው የተወሰደው ቀደም ሲል በ2018/19 ከተካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ውስጥ የስልክ ቁጥር ከሰጡ ቤተሰቦች ነበር። የስልክ ባለቤትነት በገጠር ከከተማ ያነሰ በመሆኑ ስልክ የሌላቸው ቤቶች ከመነሻው አይደረስባቸውም። በጥናት ጊዜ ይህን ጉድለት በስታቲስቲክስ ማስተካከያ ማቃለል ይቻላል። በድጋፍ ምዘና ግን ማስተካከያ የለም፤ ያልተደወለለት ሰው ያልተመዘነ ሰው ነው።

ሰላምታ ማስረጃ ሲሆን

ለምሳሌ ወገቡንና ጉልበቱን የሚያመው አንድ አረጋዊ የሩዝ ገበሬ ይታሰብ። ባለሙያዋ ደውላ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች። እርሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ ሙስሊም ቢሆን «አልሐምዱሊላህ» ይል ነበር። ይህ መልስ ምስጋና ነው እንጂ ስለ ጤና የተሰጠ ቃል አይደለም። ሌሊቱን በሕመም ሲገላበጥ ያደረ ሰውም ደህና አደርሁ ይላል። በአካል የተገናኘች ባለሙያ ምስጋናውን እየሰማች በምርኩዝ መነሣቱን ታያለች፤ በስልክ የምታገኘው ግን ምስጋናውን ብቻ ነው።

«እርሻ ይሠራሉ?» ስትለው «አዎ፣ እናርሳለን፣ እናርማለን» ብሎ ይመልሳል። ግሡ የብዙ ቁጥር መሆኑ ቁም ነገር አለው። በገበሬ አነጋገር «እናርሳለን» የሚለው ቤቱ ነው፤ የሚያርሰው ልጁ፣ የሚያርመው ደቦ፣ ወይም መሬቱን የእኩል የያዘ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ማሳ አለኝ ማለት በእጄ እሠራለሁ ማለት አይደለም። ጥያቄው «ባለፈው ክረምት እርስዎ በእጅዎ የሠሩት የትኛውን ነው? ስንት ቀን? በማግሥቱስ እንዴት ዋሉ?» ተብሎ ካልተዘረዘረ፣ የቤተሰቡ ጉልበት በአንድ አረጋዊ ስም ይመዘገባል።

ይሉኝታም አለ። ሰው በራሱ ገላ መታጠብ አለመቻሉን፣ ሽንት አለመቆጣጠሩን ወይም የአእምሮ ሕመሙን ለማያውቀው ድምፅ መናገር ይከብደዋል። ስልኩ የልጅ ወይም የጎረቤት ሲሆን ደግሞ ባለስልኩ አጠገብ ቆሞ ይሰማል፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ከተከፈተ ምሥጢር አይኖርም። በተለይ ሴቶች በባል ወይም በወንድም ስልክ ሲጠየቁ የሚመልሱት ሊነገር የሚችለውን እንጂ ያለውን ላይሆን ይችላል። መስማት ለተሳነው ሰው ስልክ ከመጀመሪያው የተዘጋ በር ነው፤ ለእርሱ የምልክት ቋንቋ ባለሙያ ያለበት የአካል ቀጠሮ ግድ ነው።

የጥያቄው አቀማመጥ ቁጥርን ይለውጣል

ጥያቄው ከመሣሪያው ባላነሰ ውጤቱን እንደሚወስን የአገሪቱ መረጃ ያሳያል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ብሎ የመዘገበው ከሕዝቡ ከ1 በመቶ ብዙም የማይበልጠውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015/16 የተካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት መረጃ ሲተነተን ግን በተለያየ ደረጃ አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ድርሻ 9 በመቶ ገደማ ሆኗል። በዚህ ርቀት ውስጥ የመለኪያው ልዩነት ትልቅ ድርሻ አለው። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አእምሮ የሚያመጣው ማየት የተሳነውን ወይም እግሩ የተቆረጠውን ነው፤ በእርጅና መስማት የደከመውና ልቡ መሥራት የከለከለው ራሱን በዚህ ቃል አይጠራም።

ዋሽንግተን ግሩፕ በሚል ስም የሚታወቀው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ቡድን ያዘጋጃቸው ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች ቃሉን ፈጽሞ አያነሡም። የሚጠይቁት በማየት፣ በመስማት፣ በመራመድ፣ በማስታወስ፣ ራስን በመንከባከብና በመግባባት ችግር መኖሩን ነው፤ መልሱም «ችግር የለም» ከሚለው ተነሥቶ «ጥቂት ችግር» እና «ብዙ ችግር» ብሎ «ፈጽሞ አልችልም» እስከሚለው በአራት ደረጃ ይከፈላል። እነዚህ ጥያቄዎች በስልክ ለመጠየቅ ይመቻሉ። ሆኖም የተሠሩት ለሕዝብ ቆጠራና ጥናት እንጂ የአንድን ሰው መብት ለመወሰን አይደለም፤ ለመግቢያ ያገለግላሉ፣ ለፍርድ ግን አይበቁም።

ሜዳው የመለኪያው አካል ነው

የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አካል ጉዳትን የሚረዳው በግለሰቡ ጉዳትና በአካባቢው መሰናክል መካከል ከሚፈጠር ግንኙነት ነው። ይህ ሐሳብ በፎገራ ተጨባጭ ነው። የእንግሊዙ መለኪያ መራመድን በ20፣ በ50 እና በ200 ሜትር ርቀት ይከፍላል፤ መነሻውም ጠፍጣፋ የእግረኛ መንገድ ነው። በፎገራ 50 ሜትር በጥር ደረቅ መሬት ላይና 50 ሜትር በነሐሴ ዋልካ ውስጥ አንድ ርቀት አይደሉም። በጥር ምርኩዝ ይዞ ገበያ የሚደርስ ሰው በነሐሴ ከደጁ ላይወጣ ይችላል። ሩዝ የሚታረመውም ውኃ ባቆረ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ተብሎ ነው፤ ጉልበት ለደከመው ሰው ከዚህ የከፋ የሥራ ቦታ ማሰብ ያስቸግራል።

ስለዚህ ምዘናው በየትኛው ወር እንደተደረገ ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል። የእንግሊዙ ሕግ ይህን ለማቃለል አንድ ሁኔታ በ12 ወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት መኖሩን ይመለከታል። ይህን መርሕ ወደ ሜዳው ለማምጣት «ከመስከረም እስከ ጥር እንዴት ነዎት? ከሰኔ እስከ ነሐሴስ?» ብሎ በወቅት ከፍሎ መጠየቅ ይበቃል። ገበሬ ዓመቱን የሚያስታውሰው በመቶኛ ሳይሆን በአዝመራ ነው።

አመልካቹ ምን ይጠብቅ፣ ሥርዓቱስ ምን ያሟላ?

እስካሁን ከተባለው ለአመልካች የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦች ይወጣሉ። የስልክ ምዘና አጭር ወሬ አይደለም፤ ረዘም ያለ፣ ስለ ተራ የዕለት ሥራ ደጋግሞ የሚጠይቅ ነው። ከጥሪው በፊት የሕክምና ወረቀቶችንና የመድኃኒት ስሞችን አጠገብ ማስቀመጥ፣ በማለዳ ከመነሣት እስከ መኝታ ያለውን የከፋ ቀንና የተሻለ ቀን ለይቶ ማሰብ ይረዳል። ለሰላምታው ምስጋና መስጠት ነውር የለውም፤ ምስጋናው ካበቃ በኋላ ግን መልሱ «እችላለሁ» ላይ እንዳይቆም፣ በማን ርዳታ፣ በስንት ዕረፍት፣ በምን ሕመም የሚለውን ማከል ያስፈልጋል። የሚያውቀው ሰው አብሮት ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ሆኖም የሚናገረው አመልካቹ ይሁን። ለምዘና የደወለ ባለሙያ የባንክ ወይም የቴሌብር ምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅበት ምክንያት ስለሌለ፣ ይህን የሚጠይቅ ደዋይ ከመዛኝ አይቆጠርም።

ሥርዓቱ ሊያሟላቸው የሚገቡት ግን ይበልጣሉ። አንደኛ፣ ስልክ አማራጭ እንጂ ግዴታ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከአመልካቹ ቤት ተገኝታ ጥሪውን ብታገናኝ የዓይን ምስክርነቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ስልክ የሌለውም ሰው አይቀርም። ሦስተኛ፣ የተመዘገበው ቃል ጥሪው ከመዘጋቱ በፊት በአማርኛ ተነቦ አመልካቹ እንዲያርመው ዕድል ሊሰጠው ይገባል። አራተኛ፣ የተቋረጠ መስመር እንደ እምቢታ መቆጠር የለበትም፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱ የመገናኛ መስመር በአመልካቹ እጅ የሌለ ነገር መሆኑን አሳይቷል። አምስተኛ፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ለቀበሌው ደርሶ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሊቀርብ የሚችል መሆን አለበት። በቃል ብቻ የተነገረ ውሳኔ ይግባኝ የሚባልበት ነገር አያስቀርም።

ማጠቃለያ

የስልክ ምዘና ለፎገራ ሜዳ ነዋሪ የጎርፉንና የጭቃውን መንገድ ሊያስቀርለት ይችላል፤ ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም። ነገር ግን የሕክምና ቦርዱ በዓይኑ፣ መንደሩም በዕለት ኑሮ ያገኙት የነበረውን ማስረጃ ሁሉ በአንድ ሰዓት ንግግር ላይ ይጭነዋል። በዚያ ንግግር ውስጥ ምስጋና እንደ ጤና፣ «እናርሳለን» እንደ «አርሳለሁ»፣ የጥር መንገድ እንደ ነሐሴ መንገድ ከተወሰደ፣ ስሕተቱ የአንድን ቤት የመንፈቅ ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል። አሠራሩ ወደ አገራችን የድጋፍ ፕሮግራሞች ከመግባቱ በፊት አስቀድሞ ሊጠና የሚገባው የመስመሩ ጥራት ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው በአማርኛ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ መልሱም በገበሬው አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ነው።